ሁድሁድ፦ ታሪኩን የምናውቀው፣ ራሱን የማናውቀው ወፍ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም



ስለ ሁድሁድ ያልሰማ ሰው በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። መድረሳ ገብተን ሱረቱ አን-ነምልን የቀራን ሁሉ የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ሠራዊት፣ የጉንዳኗን ንግግር፣ ከዚያም ከሰበእ ዜና ይዞ የመጣውን ወፍ እናስታውሳለን። በኹጥባም፣ በዳዕዋ ፕሮግራምም ታሪኩ በተደጋጋሚ ይነሳል። ይሁንና ወፉ ራሱ ከፊታችን ሣር ላይ ቢያርፍ ስንቶቻችን እንለየዋለን? ብዙዎቻችን ሁድሁድን የምናስበው በሩቅ አገርና በሩቅ ዘመን የኖረ ፍጡር አድርገን ነው። እርሱ ግን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አንዳንዴም በመዲናችን ግቢዎች ውስጥ የሚኖር ወፍ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወፉን ማስተዋወቅ ነው። መልኩን፣ አመጋገቡን፣ ጎጆውንና ጠባዩን እናያለን። ከዚያም ስለ እርሱ በቁርኣን የተነገረውን፣ በሐዲሥ የመጣውን፣ በተፍሲር የተጨመረውንና በምርምር የተገኘውን ለየብቻው እናስቀምጣለን። በመጨረሻም በእኛ አካባቢ ምን እንደሚያሰጋውና ምን ልናደርግለት እንደምንችል እንነጋገራለን።

1. ሁድሁድን በምን እንለየዋለን?

ሁድሁድ መካከለኛ ወፍ ነው። ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ25 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ44 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ክብደቱ ግን ከ46 እስከ 89 ግራም ብቻ ነው። በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከእርሱ በእጥፍ ይከብዳል።

ራሱ፣ አንገቱና ደረቱ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ የሸክላ ቀለም አላቸው። ክንፎቹና ጅራቱ በጥቁርና በነጭ መስመሮች የተዥጎረጎሩ ናቸው። ምንቃሩ ረጅም፣ ቀጭንና ወደ ታች በትንሹ የቆለመመ ነው። ከሁሉ በላይ የሚለየው ግን በአናቱ ላይ ያለው የላባ ጉትያ ነው። የጉትያው ላባዎች ጫፋቸው ጥቁር ነው። ወፉ ምግብ ሲፈልግ ጉትያውን ወደ ኋላ ያጥፈዋል፤ በዚህን ጊዜ ከፊት ምንቃሩ፣ ከኋላ ጉትያው ሾሎ ራሱ መዶሻ ይመስላል። ሲያርፍ ወይም ሲደነግጥ ደግሞ ጉትያውን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ከሌላ ወፍ ጋር አያምታታውም።

አበራረሩም ልዩ ነው። ክንፎቹ ሰፊና ክብ ስለሆኑ፣ በየምቱ መካከልም በከፊል ስለሚያጥፋቸው፣ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ቢራቢሮ ይሄዳል። ይህን የሚያይ ሰው ደካማ በራሪ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው የኤቨረስት ተራራ አሳሽ ቡድን በ6,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁድሁድ ሲያልፍ ተመልክቷል። ይህ ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ሌላ 1,800 ሜትር ያህል እንደመውጣት ነው።

ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው። ወንዱ ከከፍታ ቦታ ላይ ሆኖ "ሁፕ፣ ሁፕ፣ ሁፕ" እያለ ይጣራል። ዐረቦች ይህን ሰምተው "ሁድሁድ" አሉት። የሳይንሱ ስም "ኡፑፓ ኤፖፕስ" የሚባለውም ይህንኑ ድምፅ የተከተለ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1758 የመዘገበው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። በዝምድና ቅርብ ከሆኑት ወፎች መካከል እኛ በደንብ የምናውቀው ኤርኩም ይገኝበታል፤ ሁለቱ በአንድ ክፍለ መደብ ይመደባሉ።

ሁድሁድ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ሰፊ ቦታ ይኖራል። በአገራችን ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ሁድሁዶች አሉ። ከሰሜን የክረምቱን ብርድ ሸሽተው የሚመጡም አሉ። ስለዚህ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የምናየው ሁድሁድ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በቁርኣን ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ንግግሩ የተነገረልን ይህ ነው።

2. አፈር ውስጥ የሚከፈት ምንቃር

ሁድሁድ ብዙውን ጊዜ የሚመገበው መሬት ላይ ነው። ሣሩ አጭር፣ አፈሩ ለስላሳ የሆነ ቦታ ይመርጣል። ጥቂት ይራመዳል፣ ቆም ይላል፣ ምንቃሩን እስከ ሥሩ ድረስ አፈር ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይራመዳል። የሚፈልገው ጥንዚዛን፣ እጭን፣ ፌንጣንና አፈር ቆፍረው የሚኖሩ ሌሎች ነፍሳትን ነው።

ኢንጂነሪንግ ለምናጠና ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ፒንሳ ዘግታችሁ እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉት። ከዚያ ለመክፈት ሞክሩ። አፈሩ ከሁለቱም ወገን ስለሚጫነው ለመክፈት የሚያስፈልገው ኃይል አየር ላይ ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል። በጥቅሉ የወፎች የመንጋጋ ጡንቻ ጉልበቱ በመዝጋት ላይ ነው፤ መንከስና መያዝ ዋናው ሥራቸው ስለሆነ። የሁድሁድ የራስ ጡንቻዎች ግን ምንቃሩን አፈር ውስጥ እንዳለ መክፈት እንዲችሉ ሆነው የጠነከሩ ናቸው። ስለዚህ ምንቃሩ እንደ መርፌ ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ እንደ ወረንጦ ይከፈታል፣ እጩን ቆንጥጦ ይወጣል።

ምላሱ አጭር በመሆኑ ምግቡን ከረጅሙ ምንቃር ጫፍ ወደ ጉሮሮው መሳብ አይችልም። መላው ቀላል ነው፤ ራሱን ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጎ ምግቡን ወደ ላይ ይወረውረውና በጉሮሮው ይቀበለዋል። ትልቅ ጥንዚዛ ሲይዝ ደግሞ ከመሬት ወይም ከድንጋይ ጋር ደጋግሞ ያላትመዋል። እግሩና ክንፉ ሲረግፍ የተረፈውን ይውጣል።

ባለፈው ዓመት በጉለሌ ሣር ባለበት አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ወፍ ለአርባ ደቂቃ ያህል ተከታትየዋለሁ። ሰው በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቢያልፍም አልሸሸም። የኮንክሪት ንጣፉን ግን አንዴም አልሞከረውም፤ ከሣሩ ጫፍ ደርሶ ይመለስ ነበር። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለገበሬም ወዳጅ ነው። ከሚለቅማቸው እጮችና ቆፋሪ ነፍሳት ብዙዎቹ የእህልንና የአትክልትን ሥር የሚበሉ ናቸው።

3. ትዳሩና ጎጆው

በእርባታ ወቅት ወንዱ እየተጣራ ክልሉን ያስከብራል። ሌላ ወንድ ከመጣ ጠቡ ከባድ ነው፤ በምንቃር ስለሚወጋጉ አንዳንዴ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳሉ። ለሴቷ ግን ምግብ እያመጣ በማቅረብ ነው የሚቀርባት። ጥንዶቹ ቢያንስ ለአንድ የእርባታ ወቅት አብረው ይቆያሉ።

ሁድሁድ ጎጆ አይሠራም፤ የተዘጋጀ ቀዳዳ ይፈልጋል። የአሮጌ ዛፍ ፍልፍል፣ በድንጋይ ግንብ መካከል ያለ ክፍተት፣ የገደል ስንጥቅ ወይም የምስጥ ኩይሳ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር መግቢያው ጠባብ፣ ውስጡ ግን ሰፊ መሆኑ ነው። ወደ ውስጥ ሣርና ላባ አያግዝም፤ ቢያስገባም እጅግ ጥቂት ነው።

የእንቁላሉ ቁጥር እንደየአገሩ ይለያያል። በሰሜን አውሮፓና በእስያ ብርዳማ ክፍሎች እስከ 12 ይደርሳል። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ወደ 4 ይወርዳል። እንቁላሎቹን የምትታቀፈው ሴቷ ብቻዋን ነች፤ ከ15 እስከ 18 ቀን ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንዱ ምግብ እያመጣ ያቀብላታል። መታቀፍ የምትጀምረው ከመጀመሪያው እንቁላል አንሥታ ስለሆነ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን አይፈለፈሉም፤ ቀድሞ የወጣው ከኋለኛው በብዙ ይበልጣል። ምግብ ሲያጥር ታላላቆቹ ያድጋሉ፣ የመጨረሻዎቹ ብዙ ጊዜ ይሞታሉ። ከ26 እስከ 29 ቀን ባለው ጊዜ ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ጎጆውን ይለቃሉ። ከዚያም በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ወላጆቻቸውን ይከተላሉ።

4. ሽታው

ወደ ሁድሁድ ጎጆ የቀረበ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። ጎጆው የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል። ይህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። የግሪኩ አሪስጣጣሊስ ወፉ ጎጆውን በዓይነ ምድር እንደሚሠራ ጽፏል። "ሐያቱል ሐየዋን" በተሰኘው ታዋቂ መጽሐፍ አድ-ደሚሪም መጥፎ ሽታውን ጎጆውን በቆሻሻ ላይ ከመሥራቱ ጋር አያይዞታል። ዘመናት ያለፉት ሰዎች ሁድሁድን በታሪኩ እያከበሩት፣ በሽታው ግን ቆሻሻ ወፍ ነው እያሉ ነው።

ምርምሩ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ሽታው የሚመጣው ከውጭ ከገባ ቆሻሻ አይደለም። ወፎች በጅራታቸው ሥር አንድ ዕጢ አላቸው፤ ከእርሱ የሚወጣውን ቅባት በምንቃራቸው እየወሰዱ ላባቸውን ይቀባሉ። የሁድሁድ ቅባት በሌላ ጊዜ ነጭና ሽታ አልባ ነው። በእርባታ ወቅት በምትታቀፈው እናትና በጫጩቶቹ ላይ ግን ይለወጣል፤ ጥቁር ቡናማና የሚከረፋ ይሆናል። የሚለውጠው ምንድን ነው? በዕጢው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

የስፔን ተመራማሪዎች እነዚህን ባክቴሪያዎች ለዓመታት አጥንተዋል። ባክቴሪያዎቹ የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ሌሎች ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያደርጋሉ። ከተከለከሉት መካከል ላባን የሚበላ የባክቴሪያ ዓይነት ይገኝበታል። እናቲቱ ይህን ቅባት በምንቃሯ እየወሰደች እንቁላሎቹን ትቀባለች። እንቁላሉ ሲወጣ ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይመስላል፤ ከተቀባ በኋላ ግን ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቅርፊቱ አሠራር ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሁድሁድ እንቁላል ቅርፊት በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ነው። ጉድጓዶቹ ቅርፊቱን በስተው አያልፉም፤ እንደ ጥቃቅን ጽዋ ቅባቱን ይይዛሉ። ግድግዳ የሚለስን ባለሙያ ልስኑ እንዲይዝለት አስቀድሞ ግድግዳውን በመዶሻ እንደሚያሻክረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ጉድጓዶቹ በቅባቱና በባክቴሪያዎቹ በተሞሉ መጠን እንቁላሉ የመፈልፈል ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። እናቲቱ ቅባቱን እንዳትጠቀም በተከለከለችባቸው ሙከራዎች ደግሞ እንቁላሎቹ ላይ ጎጂ ባክቴሪያ በዝቶ ታይቷል።

ሁኔታውን እናስበው። እርጥበት ያለበት፣ አየር የማይዘዋወርበት፣ የጫጩት ኩስ የሚከማችበት ጨለማ ቀዳዳ ነው። ለጀርም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሽታው የቆሻሻ ምልክት ሳይሆን የመከላከያ መድኃኒቱ ሽታ ነው። ድመትና ሌላ አዳኝም ወደ ጎጆው እንዳይቀርብ ያግዛል ተብሎ ይታመናል። ጫጩቶቹም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ከስድስት ቀን ዕድሜያቸው ጀምሮ የመጣባቸውን ጠላት በኩስ ይረጩታል፣ እንደ እባብ ያፏጫሉ፣ በምንቃራቸውም ይወጋሉ። ጎጆውን ለቀው ሊወጡ ሲቃረቡ የሚሸተው ቅባት መመንጨቱን ያቆማል። ሥራው አልቋልና።

ሱብሓነላህ! ሰው ለረጅም ዘመን እንደ ነውር የቆጠረው ነገር የልጆቹ ሕይወት መጠበቂያ ሆኖ ተገኘ።

5. የተነገረውን፣ የተላለፈውንና የታየውን እንለይ

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በሱረቱ አን-ነምል ከ20ኛው አያ ጀምሮ ነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ወፎችን ሲቃኙ ሁድሁድ ጠፋባቸው። ግልጽ ማስረጃ ካላመጣ እንደሚቀጣ ተናገሩ። ሁድሁድ ብዙም ሳይዘገይ መጣ፤ እርሳቸው ያላወቁትን እንዳወቀና ከሰበእ የተረጋገጠ ዜና ይዞ እንደመጣ ነገራቸው። አንዲት ሴት እንደምትገዛቸው፣ ታላቅ ዙፋን እንዳላት፣ እርሷና ሕዝቧ ከአላህ ሌላ ለፀሐይ እንደሚሰግዱ ገለጸ። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ዜናውን በደፈናው አልተቀበሉም፣ አልጣሉትምም። እውነት ተናግሮ እንደሆነ ወይም ዋሽቶ እንደሆነ እንደሚያረጋግጡ ነግረው ደብዳቤ አስይዘው ላኩት።

ይህ በቁርኣን የመጣው ነው። ሁለተኛው በሐዲሥ የመጣው ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አራት ፍጡራን እንዳይገደሉ ከልክለዋል፦ ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድና ሱረድ የምትባለው ወፍ። ሐዲሡ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ከአራቱ ሦስቱ በቁርኣን ውስጥ የተወሱ ናቸው። በአገራችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብም እንዳይገደል የተከለከለ እንስሳ አይበላም የሚል መርሕ ስላለ ሁድሁድን መብላት በዚሁ ይታገዳል።

ሦስተኛው በተፍሲር ኪታቦች የተጨመረው ነው። ሁድሁድ ከመሬት በታች ያለ ውሃ ያያል፣ ሱለይማን (ዐ.ሰ) የፈለጉትም ለዚሁ ነበር የሚል ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተላለፈ ትርጓሜ በኢብኑ ከሢር ተፍሲር ይገኛል። ናፊዕ ኢብኑል አዝረቅ የተባለ ሰው "ታዲያ ልጆች በአፈር የሸፈኑበትን ወጥመድ ለምን አያይም?" በሚል እንደተከራከራቸውም ተጽፏል። መልሳቸውም ቀደር ሲመጣ ዓይን ማየት ይሳነዋል የሚል ይዘት ነበረው። ልብ እንበል፤ ስለ ውሃው የሚናገር ቃል በአያዎቹ ውስጥ የለም።

አራተኛው በዓይን የታየውና በምርምር የተገኘው ነው። ሁድሁድ ምንቃሩን አፈር ውስጥ እየከተተ የተሰወረ ነፍሳትን ያወጣል። ለስላሳና እርጥበት ያለው አፈርን ይመርጣል። ሽታው ከዕጢው ነው።

እነዚህን አራት ደረጃዎች ማደበላለቅ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንዳንዱ የተፍሲር ትረካን እንደ አያ ቆጥሮ ሳይንስ አረጋግጦታል ይላል፤ ማንም ያላረጋገጠውን በማኅበራዊ ሚዲያ ያሰራጫል። ሌላው ደግሞ ትረካው አልተረጋገጠም በማለት አያውን ራሱን ሊጠራጠር ይነሳል። ሁለቱም የሁድሁድን አዳብ አልተማሩም። እርሱ ያመጣው የተረጋገጠ ዜና ነበር። የሰማውም ንጉሥ ነቢይ ሆኖ ሳለ አጣራ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቶ ዜና "ሼር" ለምናደርግ ለእኛ ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?

6. ስጋቱ ምንድን ነው?

በዓለም ደረጃ ሁድሁድ ለመጥፋት የተቃረበ ወፍ አይደለም። ሆኖም ቁጥሩ እየቀነሰ መሆኑ ይነገራል። መጥፋት የማይቻል ነገር እንዳልሆነም ከዘመዱ እንማራለን። በአትላንቲክ ውቅያኖስ በምትገኘው ቅድስት ሄለና ደሴት ከዚህኛው የሚበልጥ አካል ያለው የሁድሁድ ዝርያ ይኖር ነበር። ዛሬ የቀረን አጥንቱ ብቻ ነው።

በሰሜን አፍሪካ አንዳንድ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሞሮኮ፣ ሰዎች የሁድሁድን አካል ለሲሕርና ለባህላዊ መድኃኒት ይጠቀሙበታል። ነገሩ የሚያሳዝነው በእጥፍ ነው፤ መገደሉ የተከለከለው ወፍ ተገድሎ፣ ከትላልቅ ወንጀሎች ለሚቆጠረው ሲሕር ይውላል። በእኛ ሰፈር የተለመደው የልጆች ወንጭፍ ነው። ታናናሽ ወንድሞቻችን ሐዲሡን ቢያውቁት፣ ወፉንም ቢለዩት፣ ብዙዎቹ ወንጭፋቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከወንጭፉ የሚብሰው ግን በዝምታ የሚመጣው ነው። ሁድሁድ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የሚቆፈር አፈርና የሚገባበት ቀዳዳ። ጉለሌን ከዚህ አንጻር እንመልከተው። ከሽሮ ሜዳ በላይ የእንጦጦን ተዳፋት የሸፈነው ዛፍ በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። የጥንቱ የጥድና የወይራ ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ ከተመናመነ በኋላ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተተከለ ነው። ባህር ዛፍ ለጣውላና ለማገዶ ገና በወጣትነቱ ስለሚቆረጥ ፍልፍል የሚኖረው ዕድሜ ላይ አይደርስም። ለሁድሁድ ቤት የሚሆነው ያረጀው ጥድ፣ ያረጀው ወይራና ያረጀው ኮሶ ነው። ከታች በሰፈሮቻችን ደግሞ ክፍተት ያለው የድንጋይ አጥርና የጭቃ ግድግዳ ቤት በብሎኬትና በመስታወት እየተተካ ነው። ሣር የነበረው ግቢ ሁሉ የኮንክሪት ንጣፍ እየለበሰ ነው። ከሣሩ ጫፍ ደርሶ የሚመለሰውን ወፍ አስታውሱ።

ልማት አያስፈልግም እያልን አይደለም፤ ነገ ሕንፃውንና መንገዱን የምንሠራው እኛው ነን። ጥያቄው ስንሠራ ለሌላው ፍጡር ቦታ እንተዋለን ወይ የሚለው ነው። እንደሚቻል የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። 705 ሔክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ አገር በቀል ዛፎች በባህር ዛፍ ቦታ እንዲመለሱ የሚሠራበት ሥፍራ ነው። በስዊዘርላንድ ቫሌ በተባለ አካባቢ ደግሞ ሁድሁድ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ምግብ ነበረ፤ የጠፋው ቀዳዳው ነው። ተመራማሪዎች በእርሻ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ቤቶች ግድግዳ ላይ የእንጨት ሣጥኖች አኖሩ። ወፎቹ ገቡባቸው፤ ቁጥራቸውም በዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ችግሩ በትክክል ከተለየ መፍትሔው ጥቂት ጣውላና ምስማር ሊሆን ይችላል።

7. ምን እናድርግ?

- ወፉን እንወቀው። ጠዋት ሣር ያለበት ግቢ ስናልፍ ቆም ብለን እንመልከት። ያየንበትን ቀንና ቦታ በማስታወሻ እንያዝ። ያላየነውን ግን አየን አንበል።

- ለታናናሾቻችን እናስተምር። በመድረሳ ሱረቱ አን-ነምልን የምናስቀራ ተማሪዎች የወፉን ሥዕል ወይም ፎቶ ይዘን እንግባ፤ ሐዲሡንም አብረን እንንገራቸው።

- ያረጀ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት እንጠይቅ። ለሰው አደጋ ከሌለው ፍልፍል ያለው ዛፍ ባዶ ግንድ አይደለም፤ ቤት ነው።

- የጎጆ ሣጥን እንሥራ። መግቢያው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ፣ ውስጡ ለቤተሰቡ የሚበቃ፣ ዝናብ የማያስገባ ሣጥን ነው። ወፉ ራሱ ምንጣፍ ስለማያመጣ ከታች ትንሽ ደረቅ ሰጋቱራ ይነጠፍለታል። ሰው በማይበዛበት ግድግዳ ላይ፣ የግቢውን ኃላፊዎች አስፈቅደን እንስቀለው። ወፍ ከገባበት በኋላ ግን እየከፈቱ ማየት አይገባም።

- ዲዛይን ስንሠራ ሁሉንም በኮንክሪት አንሸፍን። ውሃ የሚሰርግበት አፈር ለወፉም፣ ለጎርፍ መከላከልም ይጠቅማል።

ለሐለቃ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሱለይማን (ዐ.ሰ) የሁድሁድን ዜና በተቀበሉበት መንገድና እኛ በስልካችን የሚደርሰንን ዜና በምንቀበልበት መንገድ መካከል ምን ልዩነት አለ?

2. ስለ ሁድሁድ ከዚህ በፊት ከምታውቁት ውስጥ የቁርኣኑ የትኛው ነው? የተፍሲሩስ?

3. ጥቅሙን ሳናውቅ "ቆሻሻ" ወይም "ከንቱ" ያልነው ሌላ ፍጡር አለ?

4. በግቢያችን ውስጥ ለሁድሁድ የሚሆን አፈርና ቀዳዳ የት ይገኛል?

ውድ እህትና ወንድሞች! ጉንዳን፣ ንብና ሁድሁድ በአላህ ቃል ውስጥ የተወሱት እንድናስተነትን ነው። ማስተንተን ደግሞ በመቅራት ይጀምራል እንጂ በመቅራት አያበቃም፤ የተወሳውን ፍጡር ወጥቶ ማየትንም ይጨምራል። ከዘጠና ግራም የማይበልጥ ወፍ አንድን ሕዝብ ወደ ተውሒድ ለመምራት ሰበብ ሆኗል። ዘሮቹ በሰፈራችን ቀዳዳ ሲፈልጉ በር እንዳንዘጋባቸው አላህ ያግዘን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።